እሳት ሲነሳ የመጋዘኑን ይዘት ማን ያውቃል? የአደገኛ ኬሚካል ቁጥጥር ከአዳማ ሲታይ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 17 ቀን 2013 ምሽት በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ ዌስት በምትባል ትንሽ ከተማ የሚገኝ አንድ የማዳበሪያ ማከማቻና መሸጫ በእሳት ተያያዘ። የከተማዋ የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ሠራተኞች እንደ ወትሮው መኪናቸውን አስነስተው ደረሱ፤ ውኃ ለመሳብም ቱቦ መዘርጋት ጀመሩ። የመጀመሪያው ጥሪ ከደረሰ 20 ደቂቃ ያህል እንዳለፈ፣ ከእንጨት በተሠሩ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ከነበረው አሞኒየም ናይትሬት የተባለ የማዳበሪያ ኬሚካል 30 ቶን ገደማ የሚሆነው ፈነዳ። በአደጋው 15 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህ ውስጥ 12ቱ እሳቱን ለማጥፋትና ሰው ለማዳን የሮጡ ነበሩ። ከ260 በላይ ሰዎች ቆሰሉ፤ በአካባቢው የነበሩ የአረጋውያን መኖሪያ፣ የአፓርታማ ሕንፃና ትምህርት ቤት ፈራረሱ ወይም ከጥቅም ውጭ ሆኑ። ሰዓቱ ምሽት ባይሆንና ተማሪዎች በክፍላቸው ቢሆኑ ኖሮ የሟቾቹ ቁጥር ወዴት ሊያሻቅብ ይችል እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ከፍንዳታው ማግስት ሁሉም የጠየቀው ተቆጣጣሪው መንግሥት የት ነበር ብሎ ነው። መልሱ ግን ብዙዎች ከጠበቁት የተለየ ሆኖ ተገኘ። ተቆጣጣሪዎች ወደዚያ ግቢ መጥተው ያውቃሉ። የፌዴራሉ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1985 ገብቶ ፈትሾ 30 ዶላር ቀጥቶ ወጥቷል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ፍንዳታው ድረስ ለ28 ዓመታት አልተመለሰም። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2006 የአደጋ መከላከያ ዕቅድ አላቀረብክም ብሎ ድርጅቱን ቀጥቶታል። በዚያው ዓመት የግዛቱ የአካባቢ መሥሪያ ቤት የሽታ አቤቱታ ደርሶት ጉዳዩን ተመልክቷል። ከዚያም የትራንስፖርት ደህንነት ተቆጣጣሪዎች በማጓጓዣ ታንከሮች ጉድለት ምክንያት ሌላ ቅጣት ጥለዋል። እነዚህ ሁሉ የመጡበት ጉዳይ ግን በዚያው ግቢ በታንከር ይቀመጥ የነበረው የአሞኒያ ጋዝ ነበር። ከተማዋን ያፈረሰው አሞኒየም ናይትሬት የአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት የአደጋ መከላከያ ዕቅድ በሚጠይቅባቸው ኬሚካሎች ዝርዝር ውስጥ ጭራሽ አልነበረም፤ በእንጨት ማጠራቀሚያ መቀመጡንም አደጋ ብሎ ያስቆመ ማንም አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚከነክነው ሌላ ነው። ድርጅቱ በግቢው ውስጥ እስከ 270 ቶን የሚደርስ አሞኒየም ናይትሬት ሊኖር እንደሚችል ለግዛቱ ባለሥልጣናት በጽሑፍ አስታውቆ ነበር። ለአገር ውስጥ ደህንነት መሥሪያ ቤት ግን ማሳወቅ ሲገባው አላሳወቀም። ስለዚህ መረጃው በአንድ ቢሮ ፋይል ውስጥ ነበር፣ በሌላው ቢሮ አልነበረም፤ ቱቦ ይዘው ወደ እሳቱ የሮጡት ሰዎች ደግሞ ክምችቱ ሊፈነዳ እንደሚችል በቅጡ የነገራቸው አልነበረም። የአሜሪካ የኬሚካል ደህንነት መርማሪ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት ያሳየውም፣ ሕጎቹ የተበጣጠሱ መሆናቸውንና ክፍተቶቹ አንዱ ከሌላው ጋር ተደራርበው አደጋውን ማባባሳቸውን ነው።

የሩቅ አገር አደጋ አዳማ ላይ ሆኖ መተንተን ምን ይጠቅማል የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። የእኔ መልስ የእኛም የቁጥጥር ሥርዓት በዚያው ዓይነት መልክ የተበጣጠሰ ነው የሚል ነው፤ ይህን ደግሞ መጋዘን ሳይፈነዳ በፊት ከሕጎቻችን አወቃቀር ማንበብ ይቻላል።

አዳማ የጅቡቲ መስመር ከተማ ናት። ከወደብ የሚመጣው የአገሪቱ የገቢ ዕቃ አብዛኛው በጭነት መኪናም ሆነ በባቡር በዚህች ከተማ በኩል ወይም በአጠገቧ ያልፋል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው የፍጥነት መንገድ አዳማ ላይ ያበቃል፤ ነዳጅ የጫኑ ቦቴዎችም ወደ አዋሽ በሚወስደው መንገድ ቀን ከሌት ይመላለሳሉ። በስተ ምዕራብ በቅርብ ርቀት የሞጆ ደረቅ ወደብና የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች አሉ። በስተ ደቡብ ወንጂ ስኳር አለ፤ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ደግሞ ሰልፈሪክ አሲድና ለውኃ ማጣሪያ የሚያገለግለውን አልሙኒየም ሰልፌት ለዓመታት ሲያመርት የኖረው የአዋሽ መልካሳ ፋብሪካ ይገኛል። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ ለከተማዋ አዲስ የፋብሪካ ሠፈር ጨምሮላታል። በከተማው ውስጥ የእህል መጋዘኖች፣ ጋራዦች፣ የቀለም፣ የሳሙናና የፕላስቲክ ሥራዎች ከመኖሪያ ቤት ጋር አጥር ለአጥር ተጎራብተው ይሠራሉ። በዚህ ላይ ነፋሱ አለ። በአዳማ ዙሪያ የተተከሉት ሁለቱ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በድምሩ ወደ 204 ሜጋ ዋት ኃይል እንዲኖራቸው ተደርገው የተሠሩት ነፋሱ የሚታመን ስለሆነ ነው። መርዛማ ጭስ የሚያወጣ እሳት ቢነሳ ግን ያው ነፋስ ጭሱን ሳይውል ሳያድር ወደ ሠፈር ይነዳዋል።

እዚህ ላይ ሳያስፈልግ ሰው እንዳይደናገጥ አንድ ነገር መለየት ይገባል። ገበሬዎቻችን በብዛት የሚጠቀሙበት ዩሪያ አሞኒየም ናይትሬት አይደለም፤ በዩኒየን መጋዘን የተደረደረ የዩሪያ ኩንታል ዌስትን እንዳፈረሰው ክምችት አይፈነዳም። አሞኒየም ናይትሬት በአገራችን የሚፈለገው በአብዛኛው ከናፍጣ ጋር ተቀላቅሎ በድንጋይ ማውጫና በመንገድ ሥራ ለማፈንጃ እንዲያገለግል ነው። ይህ ኬሚካል ብቻውን እንደ ቤንዚን አይነድም፤ ነገር ግን ሌላው ነገር እንዲነድ ኦክስጅን ይመግባል። ወደ 170 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ይቀልጣል፤ ከዘይት፣ ከናፍጣ ወይም ከእንጨት ፍርፋሪ ጋር ከተቀላቀለ፣ በጠባብ ቦታ ከታፈነና ሙቀቱ ከበረታበት ደግሞ ወደ ፍንዳታ ሊሸጋገር ይችላል። ስለዚህ ኬሚካሉ ካለበት መጋዘን ይልቅ የሚያስፈራው የአቀማመጡ ሁኔታ ነው፤ በምን ላይ ተቀመጠ፣ በአጠገቡ ምን አለ፣ ጣሪያውና ግድግዳው ከምን ተሠራ፣ ኤሌክትሪኩ እንዴት ተዘረጋ የሚሉት ጥያቄዎች ናቸው ዕጣውን የሚወስኑት። ዌስት ውስጥ ክምችቱ ከእንጨት ግድግዳና ከዘር ማስቀመጫ ክፍል ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ነበር፤ እሳት ሲነሳ ራሱ ውኃ የሚረጭ መሣሪያም አልተገጠመለትም።

በአዳማ ለብዙ ሰው ይበልጥ የሚቀርበው ስጋት ግን ሌላ ነው፤ እህል ነጋዴው ሁሉ ፎስቶክሲን እያለ የሚጠራው የነቀዝ መድኃኒት። በውስጡ ያለው አልሙኒየም ፎስፋይድ ነው። 3 ግራም የምትመዝን አንዲት እንክብል ከአየር እርጥበት ጋር ስትገናኝ 1 ግራም ያህል ፎስፊን የተባለ ጋዝ ትለቃለች፤ ነቀዙን የሚገድለውም፣ ሰውን የሚገድለውም ይኸው ጋዝ ነው። ጋዙ በአየር ውስጥ ያለው መጠን ወደ 2 በመቶ ሲጠጋ ደግሞ ያለ ክብሪት ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። እንግዲህ ይህን ጣሳ በክረምት ወራት በሚያፈስ ቆርቆሮ ሥር፣ ከጤፍ ጆንያ ጎን፣ ጥበቃው በሚያድርበት ክፍል ግድግዳ ላይ ተደርድሮ እናስበው። እሳት ቢነሳ የሚደርሰው የእሳት አደጋ ሠራተኛ የሚያውቀው አንድ ትልቅ መሣሪያ ውኃ ነው፤ በዚህ ክምችት ላይ ግን ውኃ ማፍሰስ ጋዙን ያበዛዋል። በጋራዥ የሚቀመጠው የብየዳ ካርባይድም ውኃ ሲነካው አሲቲሊን የተባለውን ተቀጣጣይ ጋዝ ይሰጣል። የውኃ ማከሚያ ክሎሪን ከአሲድ ጋር ከተገናኘ ሌላ መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል። ሠራተኛው ከመኪናው ሳይወርድ በፊት ማወቅ ያለበት ነገር እንዲህ ቀላል፣ እንዲህም ለሕይወቱ ወሳኝ ነው፤ የሚነግረው ሰው ግን በዚያ ሰዓት በሥፍራው ላይኖር ይችላል።

ወደ ሕጎቻችን እንምጣ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። በ1995 ዓ.ም. የወጡት የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 የዚህ መብት ማስፈጸሚያዎች ናቸው። ለፀረ ተባይ በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 674 አለ። ለአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ ቁጥር 1090 አለ። የሠራተኛውን ደህንነት የሚመለከተው በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ነው። ሕግ የለንም ማለት አይቻልም።

ችግሩ እያንዳንዱ ሕግ መጋዘኑን በራሱ መስኮት በኩል ብቻ የሚያይ መሆኑ ነው። የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያው የሚያየው ወደ አየር፣ ወደ ወንዝና ወደ አፈር የሚወጣውን ነው። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው የሠራተኛውን ጓንት፣ የፊት መሸፈኛና የአደጋ መዝገብ ያያል። የግብርናው ዘርፍ ተቆጣጣሪ ፀረ ተባዩ የተመዘገበ መሆኑንና ጊዜው አለማለፉን ይመረምራል። ጉምሩክ ቀረጥና ክልከላን ይመለከታል። የንግድ ፈቃድ ሰጪው ደግሞ የሥራ ዘርፉን ይመዘግባል፤ ፈቃዱ ላይ «ኬሚካል አስመጪ» ወይም «የግብርና ግብዓት ቸርቻሪ» የሚል ቃል ይሰፍራል እንጂ በዚህ ወር በዚህ ቁጥር መጋዘን ውስጥ ይህን ያህል ቶን አለ የሚል ነገር አይሰፍርም። ከእነዚህ አንዳንዱ የፌዴራል፣ አንዳንዱ የክልል፣ አንዳንዱ የከተማ አስተዳደር ሥልጣን ነው። ሁሉም ሥራውን በትክክል ቢሠራ እንኳ የሁሉም መረጃ በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚገናኝበት ግዴታ ካልተፈጠረ፣ ሙሉውን ሥዕል የሚያይ ማንም አይኖርም። ዌስት ውስጥ የሆነውም በትክክል ይህ ነበር።

የተፅዕኖ ግምገማው ሥርዓት የራሱ የሆነ ክፍተት አለው። ግምገማው በባሕርዩ አንድ ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት የሚካሄድ ነው፤ ጥናቱን የሚያስጠናውና ለአማካሪው የሚከፍለውም ባለ ፕሮጀክቱ ራሱ ነው። ፋብሪካ የሚተክል ሰው በዚህ በር ያልፋል። ለእህል ተብሎ የተሠራን መጋዘን ተከራይቶ በርሜል የሚያስገባ ሰው ግን በየት በኩል ያልፋል? አከራዩ የሚያውቀው ወርሃዊ ኪራዩን ነው። ተከራዩ ከስድስት ወር በኋላ ሊለቅ ይችላል። በእኔ እምነት በከተማችን ትልቁ ስጋት ያለው ስሙና አድራሻው በሚታወቀው ፋብሪካ ሳይሆን በእንዲህ ዓይነቱ የኪራይ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ፋብሪካውን ቢያንስ ሁሉም ያውቀዋል።

በአንድ ነገር ግን ሕጎቻችን ጥሩ መሣሪያ ሰጥተዋል፤ መሣሪያውን በሚገባ መጠቀም ነው የቀረው። የብክለት ቁጥጥር አዋጁ ለአካባቢ ተቆጣጣሪ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ፣ ያለ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ወደ ሥራ ቦታ የመግባት ሥልጣን ይሰጣሉ። ሆኖም ደብዳቤ ተጽፎ፣ ቀን ተቆርጦ፣ ቡና ተፈልቶ የሚደረግ ጉብኝት ፍተሻ ሊባል አይችልም። የኬሚካል መጋዘን በአንድ ሌሊት መልኩን ሊቀይር የሚችል ቦታ ነው፤ ተቀጣጣይና አሲድ አጠገብ ለአጠገብ መቀመጣቸውን ማየት የሚቻለው ሳይጠበቅ በገባ ሰው ብቻ ነው። ተቆጣጣሪው ለዚህ ሥራ የሚያበቃው ሥልጠና፣ ቢያንስ አንድ የጋዝ መለኪያና የራሱ የመጓጓዣ መኪና ያስፈልገዋል። በሚፈተሸው ድርጅት መኪና ሄዶ የሚፈትሽ ባለሙያ ምን ያህል ነፃ ሊሆን እንደሚችል አንባቢ ይፍረድ።

የነፃነቱ ጉዳይ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 2015 በቻይና ቲያንጂን ወደብ የፈነዳው የኬሚካል መጋዘን የሞቱትንና የጠፉትን ጨምሮ 173 ሰዎችን ቀጥፏል፤ ከሟቾቹ ውስጥ 99ኙ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ነበሩ። አደገኛ ኬሚካል የያዘ መጋዘን ከመኖሪያ ቤቶች ቢያንስ አንድ ኪሎ ሜትር እንዲርቅ ደንብ ነበር፤ አንዳንድ አፓርታማዎች ግን በ600 ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ነበሩ። በኋላ በተደረገው ምርመራ ድርጅቱ ፈቃዱን በዝምድናና በጉቦ ማግኘቱ ተረጋገጠ። ከተፈረደባቸው 49 ሰዎች መካከል የድርጅቱ ኃላፊዎችና የመንግሥት ሹማምንት ብቻ ሳይሆኑ፣ መጋዘኑ ደህና ነው ብለው የመሰከሩ የግምገማ ድርጅት ባለሙያዎችም ነበሩ። በእኛም አገር ኢንቨስትመንት የመሳብ ግብ የተሰጠው አስተዳደር እና ያንኑ ኢንቨስትመንት የሚፈትሸው ባለሙያ በአንድ አለቃ ሥር ሲሆኑ፣ ባለሙያው «ይዘጋ» ብሎ የመጻፍ ድፍረቱ ከየት ይመጣል የሚለው ሊጠየቅ የሚገባ ጥያቄ ነው።

መረጃ በወረቀት ላይ መኖሩ ብቻውን ዋስትና አለመሆኑን ደግሞ ከቤይሩት በላይ የሚያሳይ የለም። 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት የጫነችው ሮሱስ የተባለች መርከብ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ወደቡ ላይ ደረሰች፤ ጭነቱ በቀጣዩ ዓመት ወርዶ በ12 ቁጥር መጋዘን ገባ። የጉምሩክ ኃላፊዎች ጭነቱ እንዲወገድ ወይም ከአገር እንዲወጣ ትእዛዝ እንዲሰጥላቸው ለፍርድ ቤት በተደጋጋሚ ጽፈዋል። ደብዳቤዎቹ አሉ፤ ቀናቸውም ቁጥራቸውም ይታወቃል። ኦገስት 4 ቀን 2020 እሳት ተነስቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎች ሲሞቱና ሺዎች ሲቆስሉ፣ እሳቱን ለማጥፋት ከተላኩት የቤይሩት እሳት አደጋ ብርጌድ አባላት አሥሩ አብረው አለቁ። ምን ወዳለበት መጋዘን እየሄዱ እንደሆነ አልተነገራቸውም ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ ጭነቱ የተጻፈው ሁሉ ወደ ላይ ሲላክ የኖረ ነው፤ ወደ እሳት አደጋ ብርጌዱ የወረደ ወረቀት አልነበረም።

ስለዚህ ከቁጥጥር ማሻሻያዎች ሁሉ አንዱን አስቀድም ብባል የምመርጠው የከተማውን እሳትና ድንገተኛ አደጋ አገልግሎት የመረጃው ባለቤት ማድረግን ነው። ይህ አገልግሎት ዛሬ በብዙ ሰው ዓይን ጥሪ ሲመጣ የሚሮጥ ተቋም ነው። ጥሪ ከመምጣቱ በፊት በክፍለ ከተማው ውስጥ ያለን እያንዳንዱን የኬሚካል መጋዘን የመመዝገብ፣ ገብቶ የማየትና ዕቅድ የማውጣት ግዴታም ሥልጣንም ሊኖረው ይገባል። ቴክሳስ ራሷ ከዌስት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው ሕግ አሞኒየም ናይትሬት ከተቀጣጣይ ነገር ቢያንስ 9 ሜትር ርቆ እንዲቀመጥ ስታዝዝ፣ የእሳት አደጋ ኃላፊዎችም ማከማቻዎቹን ገብተው እንዲፈትሹ ፈቅዳለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢባልም፣ እኛ ጅቡ ሳይመጣ ልንጮህ የምንችልበት ዕድል አለን።

መዝገቡን ከባዶ መጀመር አያስፈልግም። ከውጭ የሚመጣ ማንኛውም ኬሚካል የጉምሩክ ዲክላራሲዮን አለው፤ በዲክላራሲዮኑ ላይ የዕቃው መለያ ቁጥር፣ ክብደቱና የአስመጪው ስም ይሰፍራል። አሞኒየም ናይትሬት ለምሳሌ በዓለም አቀፉ የታሪፍ መለያ 3102.30 ነው፤ ፀረ ተባዮች በ3808 ሥር ይመደባሉ። አገሪቱ ብዙ ተቋማትን በአንድ የሚያገናኝ የኤሌክትሮኒክ አንድ መስኮት አገልግሎት በ2012 ዓ.ም. ጀምራለች። ሞጆ ላይ የሚለቀቅ አደገኛ ኬሚካል ወደ የትኛው ከተማ፣ ወደ የትኛው መጋዘን እንደሚሄድ አስመጪው በዚሁ ሥርዓት እንዲሞላና መረጃው በዚያው ሰዓት ለሚደርስበት ከተማ እሳት አደጋ አገልግሎት እንዲተላለፍ ማድረግ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አይጠይቅም። ከአገር ውስጥ ፋብሪካ የሚወጣው አሲድና ሌላውም በሽያጭ ደረሰኙ በኩል በዚያው መንገድ ሊመዘገብ ይችላል። ዕቃው ከመጋዘን ወደ መጋዘን ሲዛወር ደግሞ ያዛወረው ሰው የማሳወቅ ግዴታ ይኑርበት፤ አከራዩም ለማንና ለምን ዓይነት ዕቃ እንዳከራየ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ይገደድ።

ከመዝገቡ ቀጥሎ በር ላይ የሚለጠፍ ምልክት አለ። በብዙ አገሮች አራት ቀለም ያለው የአልማዝ ቅርጽ ምልክት በመጋዘን ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ሰማያዊው ለጤና ያለውን ጉዳት፣ ቀዩ ተቀጣጣይነቱን፣ ቢጫው የመፈንዳት ወይም ያለመረጋጋት ባሕርይውን ከ0 እስከ 4 ባለው ቁጥር ያሳያል፤ በነጩ ውስጥ «ውኃ አይንካው» የሚል መልእክት ያለው ምልክት ይገባል። የእሳት አደጋ ሠራተኛ ይህን ከመንገድ ማዶ ቆሞ ያነበዋል። ከኬሚካሉ ጋር አብሮ የሚመጣው ባለ 16 ክፍል የደህንነት መረጃ ሰነድም እንደመጣበት በእንግሊዝኛ ወይም በቻይንኛ ፋይል ውስጥ ከሚቀመጥ፣ ቢያንስ የእሳት፣ የመፍሰስና የመጀመሪያ ዕርዳታ ክፍሎቹ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ተተርጉመው በበሩ አጠገብ ቢሰቀሉ ጥበቃውም፣ ጫኝና አውራጁም ያነባቸዋል። እነዚህ ሰዎች ከማንም በላይ ለአደጋው የቀረቡ ናቸው።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሱ ተቃውሞዎች አሉ፤ አንዳንዶቹም ክብደት አላቸው። ፈንጂ ሊሆን የሚችል ነገር የት እንዳለ የሚናገር መዝገብ በተሳሳተ እጅ ቢገባ ለሌባም ለአጥፊም መንገድ ያሳያል የሚለው ስጋት እውነተኛ ነው፤ በአገራችን የጸጥታ ሁኔታ ደግሞ ችላ ሊባል አይችልም። ለዚህ መፍትሔው መዝገቡን ለእሳት አደጋ አገልግሎትና ለሚመለከታቸው ተቆጣጣሪዎች ብቻ ክፍት ማድረግ፣ ለሕዝቡ ደግሞ ኬሚካሉን በመጠንና በቦታ ዘርዝሮ ሳይሆን በአጎራባቹ መጋዘን ምን ዓይነት አደጋ ሊደርስ እንደሚችልና ሲደርስ ምን ማድረግ እንዳለበት መንገር ነው። አሜሪካ ከሕንድ የቦፓል የጋዝ አደጋ ሁለት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣችው ሕግ የኅብረተሰቡን የማወቅ መብት ያስከበረው የሚያመልጠውም፣ በሩን ዘግቶ የሚቀመጠውም ነዋሪው ስለሆነ ነው። ወጪውን በሚመለከት አነስተኛ ነጋዴው ላይ የማይችለውን ሸክም መጫን ተገቢ አይደለም። ጥቂት ጣሳ ፎስቶክሲን የያዘ ነጋዴና 50 ቶን የያዘ አስመጪ በአንድ ዓይን አይታዩም። አደገኛ ኬሚካል የሚያከማቹ ድርጅቶችን የሚመለከተው የአውሮፓ ሕብረት የሴቬሶ መመሪያ በመጠን ደረጃ የሚሠራው ለዚህ ነው፤ ለምሳሌ ክሎሪን 10 ቶን ሲደርስ አንድ ዓይነት ግዴታ፣ 25 ቶን ሲደርስ የበረታ ግዴታ ይመጣል፤ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ያሉት ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ዝቅተኛው ላይ ያሉት በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ይፈተሻሉ።

ርቀት ሌላው የሚያሳስበኝ ነገር ነው። የዌስቱ ማከማቻ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲቆም ዙሪያው እርሻ ነበር፤ ቤቱም ትምህርት ቤቱም በኋላ እየተጠጉ የመጡት ናቸው። አዳማ የምታድግበት ፍጥነት ለማንም የተሰወረ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከከተማ ውጭ የነበረ መጋዘን ዛሬ በኮንዶሚኒየምና በግል ትምህርት ቤት ተከብቦ ቢገኝ ጥፋቱ የባለ መጋዘኑ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ የመሬት አስተዳደሩና የፕላን ጽሕፈት ቤቱም ይጠየቁበታል። በከተማው መሪ ፕላን ላይ አደገኛ ክምችት ያለባቸው ቦታዎች የመከላከያ ክልል እንዲሰመርላቸው፣ በዚያ ክልል ውስጥም የትምህርት ቤት፣ የጤና ተቋምና የብዙ ሰው መኖሪያ ግንባታ ፈቃድ እንዳይሰጥ መደረግ አለበት። ቀድሞ የተሠራው ላይ ደግሞ ክምችቱን ማዛወር ወይም መጠኑን ማሳነስ የሚቻልበት የጊዜ ሰሌዳ ያስፈልጋል።

ባለቤት የሌለው ክምችትም መዘንጋት የለበትም። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ውስጥ ትልቅ ከሚባሉት አንዱ የሆነ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ ክምችት ነበራት። በየመጋዘኑ ለዓመታት የከረመ መርዝ በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ድጋፍ ተሰብስቦ ከ1 ሺህ ቶን በላይ የሚሆነው ወደ ፊንላንድ ተልኮ በከፍተኛ ሙቀት እንዲቃጠል ተደርጓል። ያ ሁሉ የተከማቸው ገዢው ተቋም፣ ተቀባዩ መሥሪያ ቤትና የመጋዘኑ ባለቤት የተለያዩ ስለነበሩና ጊዜው ሲያልፍ ማን ያስወግደው የሚለው አስቀድሞ ስላልተወሰነ ነው።

በመጨረሻ የምጠቅሰው መድን ነው። የዌስቱ ድርጅት የነበረው የኃላፊነት መድን 1 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ሲሆን፣ ከመድን ጋር የተያያዘው የጉዳት ግምት ወደ 230 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል። ከዚህ ቀደም የነበረው የመድን ኩባንያ ግቢውን ፈትሾ የሰጣቸው ምክሮች ስላልተፈጸሙ እ.ኤ.አ. በ2010 ውሉን ሳያድስ ቀርቷል፤ ድርጅቱ ግን ሌላ ኩባንያ አግኝቶ ሥራውን ቀጠለ። በአገራችን አንድ ባጃጅ እንኳ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው መንገድ ላይ እንዳይወጣ በአዋጅ ተደንግጓል። አደገኛ ኬሚካል ከተወሰነ መጠን በላይ የሚያከማች ድርጅትም በዙሪያው ላሉ ነዋሪዎች የሚበቃ የኃላፊነት መድን የመግባት ግዴታ ቢጣልበት፣ መድን ሰጪው ገንዘቡን ለመጠበቅ ሲል ባለሙያ ልኮ ያስፈትሻል፤ መንግሥት በበጀት እጥረት ያላዳረሰው ፍተሻ በከፊል በዚህ ይሸፈናል። ለዚህ ግን አንድ አንቀጽ ከመጀመሪያው መጨመር አለበት፤ መድን ሰጪው በደህንነት ጉድለት ምክንያት ውል ካቋረጠ ወይም ለማደስ እምቢ ካለ፣ ምክንያቱን በጥቂት ቀናት ውስጥ ለከተማው እሳትና ድንገተኛ አደጋ አገልግሎት በጽሑፍ ያሳውቅ፤ አገልግሎቱም ደብዳቤውን በደረሰው ማግስት ያለ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ወደዚያ መጋዘን ይግባ።